«ውኃ ከመቅዳት በቀር ምንም አይሠራም»

ጥያቄ

ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የሚጽፉትን እያነበብኩ ለእናቴ አሰማታለሁ። ዛሬ ግን የራሳችንን ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

የ28 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ቤት ውስጥ እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነን። አባዬ ካረፈ 6 ዓመት ሆነው። ወንድሜ አሁን 34 ዓመቱ ነው። የታመመው በ2004 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለ ነው። ጎበዝ ነበር፤ ሰፈሩ ልጁን ሲቆጣ እንኳ የእሱን ስም ይጠራ ነበር። መጀመሪያ ብቻውን መሆን አበዛ። ከዚያ የዶርም ልጆች ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ይጨምራሉ ማለት ጀመረ። ቤት ሲመጣ «ሬዲዮው ስለ እኔ ነው የሚያወራው» ብሎ የአባዬን ሬዲዮ ከግድግዳ ጋር አጋጨው። ስልኩን ሽንት ቤት ጣለው።

ሦስት ዓመት ከጠበል ጠበል ዞርን። በመጨረሻ ሆስፒታል ገባ፣ ስኪዞፍሬኒያ ነው አሉን። መድኃኒቱን ይጀምራል፣ ሲሻለው ያቆማል፣ ካቆመ በኋላ ይነሳበታል። እንዲህ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። አሁን ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ መርፌ ይወጋል። አይጮኽም፣ ከማንም አይጣላም። ግን ሲስተር፣ የድሮው ሰው አልተመለሰም። ቀኑን ሙሉ ይተኛል። ካልነገሩት አይታጠብም። አባዬ ሲቀበር እንኳ አላለቀሰም። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ትራሱ በምራቅ ይርሳል። ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ድረስ ሄዶ ከመቅዳት በቀር ምንም አይሠራም። እኔ ከሥራ ደክሞኝ ስገባ ተጋድሞ ሳገኘው ደሜ ይፈላል። «አታፍርም? ትልቅ ሰው አይደለህም እንዴ?» እለዋለሁ። ማታ ደግሞ ትራሴን ይዤ አለቅሳለሁ።

እጮኛ አለኝ። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ነው። ስለ ወንድሜ «ትንሽ አሞት ነው» ከማለት ሌላ አልነገርኩትም። አክስቴ «ዝም በይ፣ ዘራቸው ውስጥ እብድ አለ ይሉሻል» ትለኛለች። እናቴ 68 ዓመቷ ነው፤ ስኳርም ደም ግፊትም አለባት። «እኔ ስሞት ይሄ ልጅ የማን ይሆናል?» እያለች ታድራለች።

ወንድሜ ይድናል ወይ? መተኛቱ ስንፍና ነው ወይስ በሽታው? በልጆቼስ ይመጣል? እባክዎ እውነቱን ይንገሩኝ።

እህቱ፣ ከአዘዞ

መልስ

እህቴ፣ ሰላም ለቤታችሁ። እውነቱን ይንገሩኝ ብለሻል፣ እነግርሻለሁ። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ከ25 ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔም እንዳንቺው እህት ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ በዚሁ በሽታ ታሞ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

«ይድናል ወይ?» ላልሽው፤ እኛ ዘንድ መዳንና መሻል ለየብቻ ናቸው። ዳነ ስንል ነገሩ ከሥሩ ተነቀለለት ማለታችን ነው። ተሻለው ስንል ደግሞ ይበላል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ሰው ሰላም ይላል ማለታችን ነው። እናትሽን ስኳሩ ዳነልዎት ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እንዴት አደረገዎት ነው የሚሏቸው። የወንድምሽንም ነገር እንደዚሁ ብትጠይቂ ይሻላል። ስኪዞፍሬኒያ ለብዙ ሰው ረጅም ዘመን አብሮ የሚኖር በሽታ ነው። አብሮት እየኖረ ግን ሰው ይሻለዋል።

በዓለም ላይ በአንድ ወቅት ቢቆጠር ከ300 ሰው አንዱ ገደማ ይህ በሽታ አለበት። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ውስጥ ነው። ወንድምሽ በ20 ዓመቱ መታመሙ የበሽታው የተለመደ ጊዜ ስለሆነ ነው። ንባብ አልበዛበትም። መተትም አልተሠራበትም። ይህን ለእናትሽ ደጋግመሽ ንገሪያቸው፤ ብዙ እናቶች «ያኔ ዩኒቨርሲቲ ባልልከው» እያሉ ራሳቸውን ሲበሉ አይቻለሁ።

መንገዱ ለሁሉም አንድ አይደለም። አንዳንዱ አንድ ጊዜ ታሞ ይነሳና አይመለስበትም። አንዳንዱ እየታመመ እየተሻለው ይኖራል። አንዳንዱን እሱ ብቻ የሚሰማው ድምፅ ጨርሶ አይለቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት በተለያዩ አገሮች የነበሩ ሕሙማንን ከ15 እና ከ25 ዓመት በኋላ ሲያያቸው፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደህና በሚባል ደረጃ ላይ ተገኝተዋል። መለኪያው ሲጠብቅ ቁጥሩ ያንሳል። ምልክቱም ጠፍቶ፣ ሥራውና ማኅበራዊ ኑሮውም ተስተካክሎ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው ብቻ ይቆጠር ከተባለ፣ ከ7 ሰው አንዱ ገደማ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ወንድምሽ ያለው በሁለቱ መካከል ባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ በዚያ ሜዳ ላይ ደግሞ ቤተሰብ ብዙ የሚሠራው አለ።

ከአገራችን የቡታጅራው ጥናት አለ። በ1990 ዓ.ም. ገደማ ተጀምሮ፣ ከ68,000 በላይ ሰው ቤት ለቤት ተጠይቆ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው ከ300 በላይ ሰዎች ተገኙ። ሲገኙ ከ10 አንዱ እንኳ የዚህን በሽታ መድኃኒት ወስዶ አያውቅም ነበር። 5 ዓመት ሲከታተሏቸው፣ አንድ አምስተኛ ገደማ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ደህና ሆነው ቆዩ። ግማሽ የሚጠጉትን ግን ምልክቱ አልለቀቃቸውም። በእነዚያ 5 ዓመታት 38ቱ ሞቱ።

ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ምን እንደገደላቸው እንድታውቂ ነው። ግማሽ የሚጠጉት የሞቱት በኢንፌክሽን ነው። ከዚያ ቀጥሎ የነበረው የምግብ እጥረት ነው። ራሳቸውን ያጠፉም ነበሩ። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሰው አንዴ «እብድ» ከተባለ በኋላ ሳሉንም፣ ትኩሳቱንም፣ መክሳቱንም የሚያይለት እንደሚጠፋ ነው። ወንድምሽ ሲያስለው ወይም ሱሪው ሲሰፋው «የእሱ ነገር» ብላችሁ አትለፉት። እንደማንኛውም ሰው ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

አሁን ወደ መተኛቱ እንምጣ። ይህን ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም ከድምፁና ከጩኸቱ ይልቅ ቤት የሚያፈርሰው ይሄ ነው።

በሽታው በሰው ላይ የሚጨምረው ነገር አለ፤ ከሰው ላይ የሚወስደውም አለ። የጨመረው ሬዲዮው ስለ እኔ ያወራል የሚለውን፣ ምግቤ ተመርዟል የሚለውን፣ ማንም የማይሰማውን ድምፅ ነው። የወሰደው ደግሞ ተነሳሽነቱን፣ ወሬውን፣ የፊቱን ፈገግታና ኀዘን ነው። መርፌው የመጀመሪያውን ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል። ለሁለተኛው ግን ብዙ አይረዳም። ከቡታጅራዎቹ ሕሙማን ከ10 ስምንቱ ላይ ይህ መወሰድ ነበረ። ጎረቤት «መድኃኒቱ አደነዘዘው» ይላል፣ ቤተሰብ «ሰነፈ» ይላል። ሰነፍ ሰው ሥራውን ትቶ ወደሚያስደስተው ነገር ይሄዳል። ወንድምሽ ግን ሥራ ትቶ ኳስ ለማየት አልሄደም። ኳሱም አላማረውም።

አባቱ ሲቀበር አለማልቀሱን ጽፈሻል። የእኔም ወንድም በአባታችን ቀብር ላይ ግንድ ሆኖ ነበር የቆመው። ዘመድ ተንሾካሾከበት። እኔም አዘንኩበት። ከአርባው በኋላ ፍራሹን ላናፍስ ሳነሳ፣ የአባታችን ጋቢ ከሥሩ ተነጥፎ አገኘሁት። ከሳጥን አውጥቶ፣ ለማንም ሳይነግር፣ በደንብ አጥፎ፣ ያን ሁሉ ሌሊት ተኝቶበታል። ጋቢውን ወደ ቦታው መለስኩትና ፍራሹን አለበስኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ፊቱ ዝም ያለ ሰው ውስጡም ዝም ብሏል ብዬ አላውቅም።

ግን አንድ ነገር ለዪ። መተኛቱ በቅርብ የባሰ ከሆነ፣ መብላት ካቆመ፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ነገር ከአፉ ከወጣ፣ ይህ ሌላ ነው። ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ውሰጂው።

የእጁ መንቀጥቀጥና የምራቁ ነገር የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ጉዳት ይመስላል። መፍትሔ አለው። መጠኑ ሊቀነስ፣ መድኃኒቱ ሊቀየር፣ ወይም መንቀጥቀጡን የሚያስታግስ ኪኒን ሊጨመርለት ይችላል። እንቅልፉም ከዚያ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ወንድምሽ ተራው ሲደርስ ገብቶ፣ ተወግቶ፣ «ደህና ነኝ» ብሎ መውጣቱ ነው። እኛ ደግሞ ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቀው ሰው ብዛት እያየን እናልፈዋለን። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረሽው ግቢ። እጁ፣ ምራቁ፣ እንቅልፉ ብለሽ በወረቀት ጽፈሽ ለሐኪሙ ስጪ። ክብደቱና ስኳሩም ይታይ፤ በተለይ እናትሽ ስኳር ስላለባቸው።

ስለ ቁጣሽ። ልወቅስሽ አይደለም፣ ደክሞሻል። ቀን ሠርተሽ፣ ማታ እናት አስታመሽ፣ ከዚያ እሱ። ግን ማወቅ ያለብሽ ነገር አለ። ነቀፋና ቁጣ የበዛበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሕመምተኛ ቶሎ ቶሎ እንደሚነሳበት ከ50 ዓመት በላይ በተደጋገመ ጥናት ታይቷል። ከልክ ያለፈ እንክብካቤም እንደዚያው ነው፤ የ34 ዓመት ሰው በየጉርሻው ሲለመን ይጨንቀዋል። «አታፍርም?» የሚለው ቃል እሱ ዘንድ ሲደርስ ምን አድርግ እንደተባለ አያውቅም። ይልቅ አንድ ነገር ብቻ፣ በአጭሩ፣ በታወቀ ሰዓት ንገሪው። «ውኃ አሙቄልሃለሁ፤ ታጥበህ ና፣ ቡና እንጠጣ።» ካልመጣ ተይው፣ ነገም እንዲሁ በይው። የዛሬ ሳምንት ቡናው ሲሸተው ይነሳ ይሆናል።

የራሴን ቤት ልንገርሽ። ወንድሜ የታመመው በደርግ ጊዜ ነው፤ 22 ዓመቱ ነበር። ያኔ እኛ የምናውቀው የአእምሮ ሕክምና አማኑኤል ብቻ ነበር። አዲስ አበባ፣ ከጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በአውቶቡስ ሁለት ቀን። ስሙ ራሱ ስድብ ነበር፤ ልጆች ሲጣሉ «አማኑኤል ግባ!» ይባባሉ ነበር። አባታችን እስኪወስዱት ዓመታት አለፉ። እስከዚያው የእሱ ኩባያ ለብቻ ነበር። እጀታው የተሰበረ ቢጫ የብረት ኩባያ። በሽታው እንደማይተላለፍ የነገረን ሰው አልነበረም፤ ማንም ሌላ ሰው በዚያ ኩባያ አይጠጣም። እሱም ያውቅ ነበር፤ ውኃ ሲጠማው ሌላውን ሁሉ አልፎ ያንን ነበር የሚያነሳው።

አንድ ዓመት ለጥምቀት ከደንቢያ እንግዳ መጣብን። ቤታችን ታቦቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርድ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ነበር። ወንድሜን ጓዳ ከተው ቆለፉበት። እንግዶቹ ሲጠይቁ እናቴ «አገር ቤት ሄዷል» አለቻቸው። እኔ 11 ዓመቴ ነበር፤ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እንድጠብቅ ተነገረኝ። ዝማሬው እየቀረበ መጣ። ከዚያ ከጓዳው ውስጥ ጭብጨባ ሰማሁ። ከከበሮው ጋር እኩል ይሄዳል። አንዴም አልሳተም። ታቦቱ አልፎ ዝማሬው እስኪርቅ ድረስ አጨበጨበ፣ ከዚያ ዝም አለ። እኔም በሩን አልከፈትኩም።

በሚቀጥለው ዓመት አያቴ መጣች። «ክፈቱለት» አለች፣ አንድ ቃል። ነጠላ አልብሳ እጁን ይዛ ደጃፍ አቆመችው። እናቴ ቀኑን ሙሉ ተንቀጥቅጣ ዋለች። እሱ አልሮጠም፣ አልጮኸም። ታቦቱ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ ሰገደ። በማግስቱ አንዲት ጎረቤታችን ቡና ስትጠራን ስሙን ጨምራ ጠራች። ከታመመ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

እሱ ዛሬም አለ። 63 ዓመቱ ነው። ድምፆቹ ሙሉ በሙሉ አልተዉትም። «ዛሬ ተናገሩኝ፤ እሺ ብዬ ተውኳቸው» ይለኛል። አላገባም፣ ደመወዝ በልቶ አያውቅም። ግን በሰፈሩ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን የሚተክለው እሱ ነው፤ ዕድሩም በስሙ ያውቀዋል።

መድኃኒቱን ስለማቋረጥ ትንሽ ልጨምር። ሦስት ጊዜ ተነስቶበታል ብለሻል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ መድኃኒት ሲቆም በሽታው በማግስቱ አይመጣም። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይቆያል። በዚያ መሀል ሰውየው ይነቃል፣ ወሬ ይጀምራል፣ መንቀጥቀጡ ይተወዋል። «ይኸው ያለ መድኃኒት ዳነ!» ይባላል። ሁለት ወር ቆይቶ ሲነሳበት ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ይመስላል፤ ቡዳ ነው፣ ከእገሌ ተጣልቶ ነው። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ተደምረው ሲታዩ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መድኃኒት ከቀጠሉ 100 ሰዎች በ27ቱ፣ ካቋረጡት ደግሞ በ64ቱ ላይ ተነስቷል። እንግዲህ እየወሰደም የሚነሳበት አለ፤ ያኔ ጥፋቱን በእሱ ላይ አታድርጉ።

ጠበሉን ተዉ አልልም። እኔም እጠመቃለሁ። ግን ሁለት ሳምንት ሱባኤ ይዘው መድኃኒቱን ጥለው የሚመለሱ ልጆች ያሳዝኑኛል። በኤችአይቪ መድኃኒት ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ ተነስቶ በነበረ ጊዜ፣ ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጋጩ ለምእመናን ተናግረዋል። የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ። የወር መርፌ ደግሞ ለጾም አይከብድም፤ ኪኒን ቢጨመርለትም ማታ ከምግብ በኋላ እንዲሆን ሐኪሙን ጠይቂ። ጫትና አረቄ ግን ይቅርበት፤ በተለይ ጫት ከዚህ በሽታ ጋር አይስማማም።

ሊነሳበት ሲል የሚያሳየውን ምልክት እናንተ ከሐኪም በላይ ታውቃላችሁ። ብዙዎች እንቅልፍ ያጣሉ። የእኔ ወንድም ጫማውን ደጋግሞ ማጠብ ይጀምራል። የወንድምሽን አስታውሺና ጻፊው፤ ባየሽው ቀን ሆስፒታል ደውዪ። መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜያት መርፌያቸው አልፎባቸው የመጡ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። አንቺ ከተማ ውስጥ ነሽና ቢያንስ ቀጠሮው ሳይደርስ በሳምንት ቀድመሽ መድኃኒቱ መኖሩን ጠይቂ።

ስለ ጋብቻሽ። ንገሪው። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ከአክስትሽም ከጎረቤትም ሳይሆን ከራስሽ አፍ ይስማ። እኛ አገር ሰባት ቤት ቆጥሮ ዘር የሚያጣራ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ቁጥሩንም ንገሪው። ከማንኛውም ቤተሰብ ከሚወለዱ 100 ልጆች አንዱ ገደማ በዕድሜው ይህ በሽታ ሊይዘው ይችላል። አጎት ወይም አክስት የታመመባቸው ከሆኑ ወደ 4 ከፍ ይላል። 96ቱ አይያዙም። ከዚያ ቡና ጥሪው፣ ወንድምሽም ይቀመጥ። ሰውየው ቢሄድ ያምሻል፣ አውቃለሁ። ደብቀሽ ብታገቢ ግን በየበዓሉ ወንድምሽን ጓዳ የምትቆልፊው አንቺ ትሆኛለሽ።

የእናትሽ ጭንቀት እውነተኛ ነው፤ «አይዞሽ» ብለሽ አትለፊው። በሕይወት ሳሉ የሚደረግ ነገር አለ። የቀጠሮውን ቀን፣ የመድኃኒቱን ስምና መጠን፣ ምን ሲበላ ደስ እንደሚለው አሁን የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ይመስለኛል። ደብተር ላይ ይጻፍ። በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑ ላይ ስሙ መኖሩን አረጋግጪ። ቤቱ በእናትሽ ስም ከሆነና ለእሱ ክፍል እንዲኖረው ከፈለጉ ኑዛዜ ያድርጉ፤ በ4 ምስክሮች ፊት የሚነበብ ይሁን፣ የሕግ ሰውም ይይላችሁ። ከአጎቶችሽ አንዱ ደግሞ አንድ ነገር ይያዝ፤ ሁሉንም ሳይሆን ለምሳሌ የመርፌ ቀን ይዞት መሄድን። ሁሉን ብቻሽን ልያዝ ካልሽ ትወድቂያለሽ።

በመጨረሻ፣ በአንድ መስመር ጽፈሽ ስላለፍሽው ነገር። «ውኃ ሲጠፋ ጀሪካን ይዞ ቦኖ ድረስ ሄዶ ከመቅዳት በቀር ምንም አይሠራም።»

እህቴ፣ ያ ሰው ውኃ መጥፋቱን ያያል። ሳይነገረው ይነሳል። መንገድ ይሻገራል። ወረፋ ይይዛል፤ የአዘዞን የውኃ ወረፋ እናውቀዋለን፣ ጤነኛውንም ያጣላል። ተራውን ይጠብቃል፣ ሞልቶ ተሸክሞ ቤቱ ይመለሳል። ሶዶ ወረዳ ውስጥ በተሠራ ጥናት፣ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ ሕመምተኛው እንደዚህ ካለ ትንሽ ሥራ ተነስቶ ደረጃ በደረጃ ወደ እርሻው፣ ወደ ቡናው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እንዲመለስ ያግዙት ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ይህን ከሕክምናው ጋር ያገኙት ሕክምና ብቻ ካገኙት የተሻለ ኑሯቸውን ያከናውኑ ነበር። አንቺ ቤት ግን ማንም ሳይመጣ ጀምሯል። ያላያችሁለት እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ በጀሪካኑ ጀምሩ። ሌላ ሥራ አትጨምሪበት፣ ቢያንስ ለአንድ ወር። ውኃውን ሲያስቀምጥ እናትሽ «እግዜር ይስጥህ» ይበሉት፣ ስሙን ጠርተው። ከዚያ የውኃውን ሒሳብ እሱ ይያዝ፤ ከፍሎ መልሱን ያምጣ። ቀጥሎ የጎረቤቷን አሮጊት ጀሪካን ይጨምር ይሆናል። ጊዜ ስጪው፤ በእኔ ቤት ከጓዳው በር እስከ ዕድሩ ድንኳን 9 ዓመት ፈጅቷል።

እና አንድ ቅዳሜ፣ ሥራ በማትገቢበት ቀን፣ ሲነሳ አብረሽው ሂጂ። ስለ መድኃኒት አታንሺ፣ ስለ መታጠብም አታንሺ። ሁለተኛውን ጀሪካን አንቺ ያዢ።